ኦሊ፣ ትከሻና ኮብልስቶን፦ ለስኬትቦርድ ጥያቄዎቻችሁ መልስ

የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም አካባቢ ቦርድ የጀመራችሁ ልጆች እየበዛችሁ ነው፤ በጣም ደስ ይላል። የጠየቃችሁኝን ሰብስቤ እነሆ መልሱ።

ጥያቄ፦ ብሮ፣ ኦሊ (ቦርዱን በእጅ ሳይዙ አብሮ መዝለል) እምቢ አለኝ። እኔ እዘላለሁ፣ ቦርዱ ግን መሬት ላይ ይቀራል።

መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ የኋላ እግር ነው። የቦርዱን የኋላ ጫፍ ረግጠህ እዛው ትቀራለህ፤ እግርህ ከላዩ ካልተነሳ ቦርዱ በምን ይነሳ? ምቱ ከቁርጭምጭሚት የሚመጣ፣ አጭርና ፈጣን ይሁን። ጫፉ መሬት ሲነካ አንተ መዝለል ጀምረሃል ማለት ነው። ከዚያ የፊት እግርህን ጎን ቦርዱ ላይ በተለጠፈው ሻካራ ወረቀት ላይ ወደ ፊት እየጎተትክ ጉልበትህን ወደ ደረትህ ሰብስብ፤ ቦርዱን አየር ላይ ቀጥ የሚያደርገው ይህ ነው። ትከሻህንም ተመልከት። ከቦርዱ ጋር ትይዩ መሆኑ ቀርቶ ወደ ፊት ከዞረ ቦርዱም ይዞራል። ደግሞ ቆመህ ብቻ አትለማመድ፣ ቀስ እያልክ እየሄድክ ሞክረው።

አለን ጌልፋንድ በባዶ መዋኛ ገንዳ ግድግዳ ላይ የጀመራትን ኦሊ ሜዳ ላይ ያመጣት ሮድኒ ሙለን ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ። ኪክፍሊፕንም፣ ማለት ቦርዱን አየር ላይ በእግር ገልብጦ ማሽከርከርን፣ ያመጣው እሱ ነው። ቅደም ተከተሉን ልብ በል፤ ኦሊህ ሳይስተካከል ኪክፍሊፕ ውስጥ አትግባ።

ጥያቄ፦ እኛ ጋ ሁሉም ኮብልስቶን ነው። የት እንለማመድ?

መልስ፦ ኮብልስቶን ላይ ትሪክ አትሞክሩ። ዋናው አስፋልት ላይ ደግሞ ሲኖትራክ አለ፣ እሱን ጨርሶ እርሱት። ከሕንፃዎቹ ሥር ያለው የመኪና ማቆሚያ ሲሚንቶ ከሆነ ጥበቃውን በአክብሮት ጠይቁ፣ ጠዋት ጠዋት ባዶ ነው። የቅርጫት ኳስ ሜዳም ጥሩ ነው። ለመንገድ ብቻ ከሆነ 78ኤ አካባቢ (ቁጥሩ የጎማው ጥንካሬ ነው) ለስላሳ ጎማ፣ መጠኑ ከ56 እስከ 60 ሚሊ ሜትር የሆነ ግዙ። ለትሪክ ግን 99ኤ ጠንካራውና ትንሹ፣ 52 ወይም 54 ይሻላል። ከቻላችሁ አልፎ አልፎ በ2008 ዓ.ም. ወደ ተከፈተው የላፍቶ ስኬትፓርክ ሂዱ። ከአባዶ ሩቅ ነው፣ ታክሲ መቀያየር አለው፣ ግን ኮንክሪት ራምፕ (ተዳፋት) ላይ አንድ ቀን መዋል ብዙ ያስተምራል።

ጥያቄ፦ ትሪኩን እሠራዋለሁ፣ ቪዲዮ ላይ ሳየው ግን ያስጠላል። እጄ ይወራጫል። ስታይል በምን ይመጣል?

መልስ፦ ይሄን ጥያቄ ወድጄዋለሁ፣ ብዙዎቻችሁ ሳታስቡበት የምታልፉት እሱን ነውና። ስታይል ትሪኩ ካለቀ በኋላ የሚጨመር ጌጥ አይደለም። የሰውነትህ እርጋታ ነው። እጅህ የሚወራጨው ትከሻህ ስለሚወራጭ ነው፤ ትከሻህ የሚወራጨው ደግሞ ከመነሳትህ በፊት ፍጥነትህንና አቋምህን ስላላስተካከልክ ነው። ስለዚህ ወደ ትሪኩ ስትቀርብ ቀድመህ ጎንበስ በል፣ እግርህን አስቀምጥና ከዚያ በኋላ አትነካካው። ስታርፍ ሁለቱም እግርህ የጎማዎቹን ብረት ከቦርዱ ጋር ከሚያስሩት ብሎኖች በላይ ይረፍ፣ ጉልበትህ ይጠፍ። ካረፍክ በኋላ ቶሎ አትውረድ! ጥቂት ሜትር በጸጥታ ነድተህ ሂድ። ጓደኛህ ከጎን በስሎሞሽን ይቅረጽህ፤ ስታየው እግርህን ተወውና ትከሻህን ብቻ ተከታተል። ደግሞ አዲስ ትሪክ ከመጨመር የያዝካትን አንዷን በፍጥነትም በዝግታም፣ በግራም በቀኝም ሥራት። አሥር ትሪክ እየተንገዳገደ ከሚሠራ ልጅ፣ ሦስት በደንብ የሚሠራውን ማየት ይሻለኛል።

ጥያቄ፦ በክረምት ወደ ወንድሜ ጋ ኖርዌይ ልሄድ ነው። ስኬት የሚችል ሰው ስኖውቦርድ ፓርክ (በረዶ ላይ በቦርድ የሚዘለልበት ቦታ) ውስጥ ይቀለዋል?

መልስ፦ በመጀመሪያ የነሱ ክረምት የኛ በጋ ነው፤ በረዶ ከፈለግሽ ከታኅሣሥ በኋላ ሂጂ። አቋሙና መዞር ከትከሻ መጀመሩ ያግዝሻል። ግን እግርሽ ከቦርዱ ጋር ይታሰራል፣ የምትቆጣጠሪውም በብረት ጠርዙ ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ ሜዳው ላይ መታጠፍና መቆም ተማሪ። ፓርኩ ውስጥ አንድ ዙር ሳትዘዪ እያየሽ ውረጂ። ከትንሹ ዝላይ ጀምሪ። በመነሻውና በቁልቁለቱ ማረፊያ መሃል ጠፍጣፋ ቦታ አለ፤ ፍጥነት አንሶሽ እዛ ላይ ካረፍሽ ጉልበትሽ ይጎዳል። ስለ ስታይልም እዛው ማስረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ2014ቱ የሶቺ ኦሎምፒክ ስሎፕስታይል (በሬይልና በዝላይ የሚደረግ ውድድር) ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገባ የወንዶችን የስኖውቦርድ ወርቅ የወሰደው ሴጅ ኮትሰንበርግ ነው፤ ያሸነፈው ከሁሉም የከበደውን ትሪክ ሠርቶ ሳይሆን ቦርዱን በእጁ ለየት ባለ መንገድ በመያዝና ንጹህ በሆነ ዙር ነው። ኢትዮጵያዊ በረዶ ላይ አይሆንም የሚልሽ ካለ ደግሞ ሮቤል ተክለማርያምን ንገሪው፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ቶሪኖ፣ በ2010 ቫንኩቨር ኦሎምፒክ በስኪ ተወዳድሯል።

ጥያቄ፦ ልጄ 13 ዓመቷ ነው፣ ቦርድ ካልነዳሁ እያለች አስቸገረችኝ። አይጎዳትም?

መልስ፦ እናቴ፣ መውደቅ አለ፣ አልዋሽዎትም። ሄልሜት ግዴታ ይሁን፣ የእጅ አንጓ መከላከያም ቢጨመር ጥሩ ነው። ስትወድቅ እጇን ቀጥ አድርጋ መሬት እንዳትገፋ፣ ይልቅ እንድትንከባለል ያስተምሯት። በቶኪዮ ኦሎምፒክ የሴቶችን የጎዳና ውድድር ያሸነፈችው ሞሚጂ ኒሺያ 13 ዓመቷ ነበር።

ጥያቄ፦ ዝናብ ካገኘው በኋላ ኩሽኔታው ይጮሃል።

መልስ፦ ዝገት ነው። አውጥተህ በቤንዚን እጠበው፣ ደጅ ሆነህ፣ እሳት በሌለበት። ካደረቅከው በኋላ አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ይበቃዋል። ካልዳነ መርካቶ 608 የሚል ቁጥር ያለበትን ጠይቅ፣ ይገባል። እንጨቱንም ዝናብ አታስነካው፣ ንብርብሩ ይላቀቃል።

ጥያቄ፦ ብየዳ ቤት ሬይል (በቦርድ የምንንሸራተትበት ብረት) ብናሠራ ምን ያህል ከፍታ ይኑረው?

መልስ፦ ከቁርጭምጭሚት ትንሽ ከፍ ያለ ይበቃል፣ በኋላ ታሳድጉታላችሁ። አራት ማዕዘን ቱቦ ይሁን፣ እግሩ ሰፊ ይሁን፣ ጫፎቹ ይሞረዱ። እንዲያንሸራትት ሻማ የሚቀባው ሲሚንቶ ጠርዝ ላይ ነው፤ ብረቱን ተዉት፣ ራሱ ይንሸራተታል።