«ነፋሱ ነው» ላለኝ ኮንትራክተር ምን ልመልስለት?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ የአምዱ አዘጋጅ። ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ የምኖር መምህርት ነኝ። ባለቤቴ ሥራው ጎንደር ስለሆነ ቤታችንን ከመሠረቱ ጀምሮ ቆሜ ያሠራሁት እኔ ነኝ። ጣሪያውን ከነዕቃው በጽሑፍ ውል የሰጠሁት ፈቃድ ላለው ኮንትራክተር ነው፤ የፈቃዱ ኮፒ አሁንም ፋይሌ ውስጥ አለ። ግንቦት አጋማሽ ላይ አስረከበኝ። ሰኔ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ሌሊት ከባድ ዝናብ ጣለና የልጆቹ መኝታ ክፍል ኮርኒስ አፈሰሰ። ሳሎኑም ተከተለ። ወጥ ቤቱ ደግሞ ዝናብ ባልዘነበበት ቀን እንኳ ማለዳ ማለዳ ይንጠባጠባል።

ሁለት ጊዜ ሠራተኛ ልኮ ሲሊኮን አስቀባልኝ። ሁለት ሌሊት ይቆምና በሦስተኛው ይብሳል። አሁን ስደውልለት «ውሃውን የሚያስገባው የጣና ነፋስ ነው፤ ነፋስ ደግሞ ከእኔ አቅም በላይ ነው። ውሉ ላይ ያለው የሦስት ወር ዋስትናም እያለቀ ነው» ይለኛል። ያልከፈልኩት 40,000 ብር አለ፤ እሱን ካላየሁ አልመጣም ብሏል። ያገናኘን የባለቤቴ ሚዜ ስለሆነ ይሉኝታም ይዞኛል። ሌላ ሠራተኛ አስጠግኜ ሒሳቡን ልላክበት? ወይስ ፈቃዱን የሰጠው መሥሪያ ቤት ሄጄ ልክሰሰው? ፈቃድ ያለው እንዲህ ከሠራ ፈቃዱ ምን ይረባል?

የሦስት ልጆች እናት፣ ከሽምብጥ

መልስ

እህቴ፣ ለዚህ አምድ የሚጽፉልኝን ሁሉ ቤታቸው ድረስ ሄጄ ማየት አልችልም። ሽምብጥ ግን ከእኔ ቤት ሩቅ አይደለም፤ ልጆች በተኙበት ላይ ውሃ ይወርዳል ብለው ሲጽፉልኝም በወረቀት ብቻ መመለስ አላስቻለኝም። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ መሰላሌን ተሸክሜ የመጣሁት ለዚህ ነው። ያኔ ቡናው ላይ ጨዋታ ስለበዛ በቅጡ ያልነገርኩዎትን አሁን በዝርዝር ልጻፍልዎ፤ ክረምቱ ለብዙ ሰው ተመሳሳይ ጣጣ ይዞ ስለሚመጣ ሌሎች አንባቢዎችም ይጠቀሙበት።

መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው ምስማሩ ላይ ነው። ቆርቆሮ ጉብታና ቦይ አለው። ውሃ የሚወርደው በቦዩ ስለሆነ ምስማር የሚመታው ጉብታው ላይ ነው። በልጆቹ ክፍል በኩል ግን፣ ከታች ባሉት ሁለት ረድፎች፣ አብዛኛው ምስማር ቦዩ ውስጥ ነው የገባው። ወራጅ ውሃ መሐል ቀዳዳ መብሳት ማለት ነው። ከምስማሩ ራስ ሥር ያለው ጎማ አዲስ ሳለ ውሃውን ይይዛል። ቀን ፀሐይ ብረቱን ስትዘረጋው፣ ሌሊት ብርዱ ሲሰበስበው ምስማሩ ይላወሳል፣ ጎማውም ይላላል። አንዳንዱ ደግሞ በመዶሻ ከመጠን በላይ ተመትቶ ጎማው ገና ያኔ ተሰንጥቋል። ሲሊኮኑ ሁለት ሌሊት ብቻ የቆመውም ለዚህ ነው፤ እርጥብና አቧራማ ብረት ላይ የተቀባ ሲሊኮን ከሚንቀሳቀስ ቆርቆሮ ጋር አብሮ አይሄድም።

ሁለተኛው መደራረቡ ነው። ጎን ለጎን የሚገጥሙ ቆርቆሮዎች ቢያንስ አንድ ጉብታ ተኩል መደራረብ አለባቸው፤ ነፋስ በሚበረታበት ቦታ ሁለት። የእርስዎ አንድ ብቻ ነው። ከዚያ የባሰው አቅጣጫው ነው። ሐይቁ ከከተማችን በስተ ሰሜን ነው። የጣሪያዎ አናት ከሰሜን ወደ ደቡብ የተዘረጋ ነው። ሠራተኞቹ ማልበስ የጀመሩት ከሰሜኑ ጫፍ ስለሆነ ሁለተኛው ቆርቆሮ የመጀመሪያውን፣ ሦስተኛው ሁለተኛውን እየደረበ ሄዶ የሁሉም ጠርዝ አፉን ወደ ሐይቁ ከፍቶ ቀርቷል። ከደቡቡ ጫፍ ቢጀምሩ ኖሮ ነፋሱ በጠርዙ ላይ ተንሸራቶ ባለፈ ነበር።

እንግዲህ ኮንትራክተሩ «ነፋሱ ነው» ሲል አልዋሸም። ውሃውን ገፍቶ የሚያስገባው በእርግጥም ነፋሱ ነው። ነገር ግን ከአቅም በላይ የሚባለው ማንም ሊያስበው የማይችል፣ ሥራውንም ፈጽሞ የሚከለክል ነገር ነው። የጣና ነፋስ ባሕር ዳር ላይ ዘንድሮ የመጣ እንግዳ አይደለም። እዚህ ከተማ ጣሪያ የሚያለብስ ሰው መሰላል ላይ ከመውጣቱ በፊት ፊቱን ወደ ሐይቁ አዙሮ ማየት አለበት፤ የሚከፈለው ለዚህም ጭምር ነው።

ሦስተኛውን ያገኘሁት ታች ነው። ከተራረፈው ቆርቆሮ የዶሮ ቤት ሠርተውበታል። ውሉ 28 ጌጅ ይላል፤ የጌጅ ቁጥር በጨመረ መጠን ብረቱ እንደሚሳሳ ልብ ይበሉ። 28 ጌጅ 0.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ይኖረዋል። የዶሮ ቤቱን ቆርቆሮ በማይክሮሜትር ስለካው ግን 0.25 አካባቢ ነው፤ ይህ የ32 ጌጅ ውፍረት ነው። ጣሪያው ላይ ያለውንም ጠርዙን ይዤ ለካሁት፣ ያው ነው። ስስ ቆርቆሮ ሰው ሲረግጠው ይጎደጉዳል፣ በረዶ ሲመታው ይሰረጉዳል፣ በጎደጎደበትም ውሃ ይቆማል። ያንን የዶሮ ቤት እባክዎ እንዳያፈርሱት፣ ቀለምም እንዳይቀቡት። ዋናው ማስረጃዎ እሱ ነው።

ወጥ ቤቱን በተመለከተ ግን ኮንትራክተሩን አይውቀሱት። እዚያ ኮርኒስ የለም፤ ማታ እንጀራ ሲጋገር የሚወጣው እንፋሎት ቀዝቃዛው ቆርቆሮ ሥር ውሃ ሆኖ ያድርና ማለዳ ይንጠባጠባል። መፍትሔው እንፋሎቱ የሚወጣበት ቀዳዳ ከግድግዳው አናት ላይ መክፈት ነው። ይህን ከአቤቱታዎ ያውጡት። አንድ ትክክል ያልሆነ ክስ ከሦስቱ ትክክለኞች ጋር ከተቀላቀለ እሱ የሚይዘው ያንኑ አንዱን ነው።

በእርስዎ ፈቃድ ሐሙስ ጠዋት ደወልኩለት። ስልኩን አንስቶ በጨዋ ደንብ አነጋገረኝ፤ ይህን መሰወር ተገቢ አይደለም። በዚያ ሳምንት ዘንዘልማ ሌላ ሥራ ላይ እንደነበረ፣ የእርስዎን ጣሪያ ያለበሱት በቀን ሒሳብ የቀጠራቸው ልጆች እንደሆኑ፣ እሱ ያየው ካለቀ በኋላ ከመሬት ቆሞ እንደሆነ ነገረኝ። ቆርቆሮውንም «ነጋዴው ነው ያሳሳተኝ» አለ። እውነት ሊሆን ይችላል። እርስዎ ግን ከነጋዴው ጋር ውል የለዎትም፣ መዶሻ የያዙትን ልጆችም አልቀጠሩም። ፈቃዱ ምን ይረባል ላሉኝ መልሴ ይኸው ነው። ፈቃድ እያንዳንዱ ምስማር በትክክል መመታቱን አያረጋግጥም። ምስማሩን ማንም ይምታው ማን፣ ተጠያቂው ስሙ ወረቀቱ ላይ ያለው ሰው መሆኑን ግን ያረጋግጣል። ፈቃድ የሌለው አናጢ ስልኩን ዘግቶ ሌላ ከተማ ቢሄድ ማንን ይይዛሉ? ይሄ ሰው የሚጠብቀው ስምና የሚያሳድሰው ፈቃድ አለው። እኔ 27 ዓመት በሕንፃ ተቆጣጣሪነት ስሠራ ያየሁት ይህንን ነው፤ በሥራው ቦታ ያልተገኘ ኮንትራክተር በጥፋቱ ጊዜ እንዲገኝ የሚያደርገው ፈቃዱ ነው።

የሦስት ወሩ ነገር አያስጨንቅዎ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 3039 የሕንፃ ሥራ ተቋራጭ ለሠራው ሥራ ደኅንነትና ጥንካሬ ከርክክቡ ጀምሮ 10 ዓመት ዋስ እንደሚሆን ይደነግጋል። ይህን ጊዜ የሚያሳጥር የውል ቃልም ዋጋ የለውም ይላል። በርክክብ ጊዜ ሊታይ የሚችል ጉድለት ከዋስትናው ውጭ ስለሆነ «አይተሽ ተረከብሽ» ይልዎት ይሆናል። ከመሬት ቆሞ የምስማር ቦታና የቆርቆሮ ውፍረት አይታይም፤ እሱ ራሱም ከመሬት ቆሜ ነው ያየሁት ብሎኛል።

ሌላ ሠራተኛ አስጠግነው ሒሳቡን ሊልኩበት ያሰቡትን ግን ይተዉት። ጣሪያው በተነካካ ማግስት ያጠፋው ማን እንደሆነ የሚለይ አይኖርም። ሕጉም ቢሆን በቁጥር 1772 አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ ይስጡት ይላል። እሱ እንቢ ካለ ፍርድ ቤቱ በእሱ ወጪ በሌላ ሰው እንዲያሠሩ ሊፈቅድልዎ ይችላል። መንገዱ በዚህ ቅደም ተከተል ነው የሚሄደው።

ማስጠንቀቂያውን ዛሬውኑ ይጻፉ፤ አንድ ገጽ ይበቃል። «ጣሪያው ያፈስሳል» ብለው ብቻ ከጻፉ ሌላ ሲሊኮን ነው የሚመጣልዎ። የማፍሰሱን ምክንያት ይጻፉ። እንዲህ ቢሉ ጥሩ ነው፦ «በውላችን መሠረት ያስረከቡኝ ጣሪያ በቦይ ላይ የተመቱ ምስማሮች አሉት፤ የጎን መደራረቡ አንድ ጉብታ ብቻ ሲሆን አፉ ወደ ሐይቁ ነው፤ ቆርቆሮው በውሉ እንደተጻፈው 28 ጌጅ አይደለም። ይህ ደብዳቤ በደረሰዎት በ10 ቀን ውስጥ በራስዎ ወጪ እንዲያስተካክሉ እጠይቃለሁ። ቀሪው 40,000 ብር ሥራው ተስተካክሎ የውሃ ፈተና ባለፈ ዕለት ይከፈላል።» ሁለት ኮፒ ያድርጉ፣ አንዱ ላይ ያስፈርሙት። አልፈርምም ካለ በሁለት ምስክር ፊት ይስጡት ወይም በፖስታ ቤት በአደራ ደብዳቤ ይላኩለት፤ ደረሰኙን ይያዙ። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር በተለይ እንዳይዘሏት። ገንዘቡን ዝም ብለው ከያዙት «ከለከለችኝ» ይላል፤ ምክንያቱንና የሚከፍሉበትን ቀን ከጻፉለት ግን ክፍያው በእሱ እጅ ነው።

ስለ ይሉኝታው። ሚዜውን አይሽሹት፤ ይጥሩት። ሽምግልና ወረቀት ሲኖረው ይበረታል እንጂ አይፈርስም። ሽማግሌ ባዶ እጁን ሲቀመጥ የሚያስታርቀው ስሜትን ነው፤ ደብዳቤውና የዶሮ ቤቱ ቆርቆሮ ፊቱ ካሉ ግን የሚነጋገረው ስለ ጣሪያው ይሆናል። ደብዳቤ መጻፍ ሰውየውን መስደብ እንዳልሆነም ሚዜው ይንገርለት።

ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት የመጨረሻው በር ይሁን። አቤቱታዎን ሰምቶ በፈቃዱ ላይ እርምጃ ሊወስድ ይችላል፤ ቆርቆሮ ግን አያለብስልዎም፣ ካሳም አያስከፍልልዎም። የገንዘቡ ነገር በስምምነት ወይም በፍርድ ቤት ነው የሚያልቀው። 10 ቀኑ ያለ መልስ ካለፈ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ስለሚሰጥ ውሉን፣ ደብዳቤውንና ፎቶዎቹን ይዘው እዚያ ይጠይቁ።

እስከዚያ ድረስ አንድ ደብተር ይያዙ። ያፈሰሰበትን ሌሊት፣ ሰዓቱን፣ ነፋስ እንደነበረና እንዳልነበረ፣ ከየትኛው ጥግ እንደወረደ ይጻፉ። በልጅነቴ እናቴ ለሚያፈስሰው ጣሪያችን ድስት፣ ጣሳና ቅል ትደቅን ነበር፤ ሦስቱም ድምፃቸው ይለያያል፣ በጨለማ ተኝታ የትኛው ጥግ እንደባሰበት ታውቅ ነበር። ጠዋት አባቴ የሚወጣው እሷ ወደ ጠቆመችው ቦታ ነው። የእርስዎ ደብተርም ለጠጋኙም ለዳኛውም ያንኑ ያገለግላል።

ኮንትራክተሩ ሐሙስ ዕለት በስልክ ምስማሩንና መደራረቡን ሊያስተካክል ቃል ገብቷል፤ ቆርቆሮውን በመቀየሩ ላይ ግን ዋጋ ልቀንስ እያለ ይከራከራል። ምርጫው የእርስዎ ነው። እኔን ከጠየቁኝ ቅናሹን አይቀበሉ። ምስማሩ ሲነቀል ያ ስስ ቆርቆሮ ወንፊት ነው የሚሆነው፤ የተበሳ ቆርቆሮ መልሶ ማልበስ ሌላ ማፍሰሻ መሥራት ነው። አዲሱ ሲመጣ ከመሰቀሉ በፊት እንለካዋለን። ሥራውም በደቡቡ ጫፍ ይጀመር። ክረምት ስለሆነ ጣሪያውን በአንድ ቀን ሁሉንም አይክፈቱት፤ ጠዋት የተከፈተው ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት ይዘጋ፣ ሸራም ተዘጋጅቶ ይቀመጥ።

ሲያልቅ እንፈትነዋለን። በውሃ ጎማ ከታችኛው ጠርዝ ተጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ አናቱ ይወጣል፤ በየቦታው ሩብ ሰዓት ያህል። ከላይ ከተጀመረ ውሃው ሁሉንም ስለሚያዳርስ የሚያፈስሰው የቱ እንደሆነ አይለይም። አንድ ሰው ውስጥ ሆኖ በኮርኒሱ መውጫ ባትሪ ያበራል። ኮንትራክተሩም፣ ሚዜውም ይኑሩ። እኔም መሰላሌን ይዤ እመጣለሁ፤ የእርስዎ የውሃ ጎማ እስከ ጣሪያው አናት ስለማይደርስ ረጅሙን ከጎረቤት ተውሰው ይጠብቁኝ።