ኤክስቶርሽን በእንግሊዝኛና በቻይንኛ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ «ኤክስቶርሽን»ን «ጉቦ» ብዬ ብተረጉመው ያስኬዳል?

መልስ፦ አያስኬድም። ጉቦ ሁለቱ ወገኖች የሚሻረኩበት ነው፤ እዚህ ግን ከፋዩ የሚሰጠው ፈርቶ ነው። «አስፈራርቶ ገንዘብ መቀበል» በለው። መምታታቱ ግን ያለ ምክንያት አይደለም፦ በጥንቱ የእንግሊዝ ሕግ ቃሉ የሚነገረው በሥልጣኑ ተገን የማይገባውን ክፍያ ለሚቀበል ሹም ነበር። ሆብስ አክት የተባለው የአሜሪካ ሕግ (እ.ኤ.አ. 1946) ዛሬም ሹሙንም ዛቻውንም አብሮ ይይዛል፤ ቅጣቱ እስከ 20 ዓመት ነው።

ጥያቄ፦ ብላክሜይልስ?

መልስ፦ አሜሪካኖች በአብዛኛው «ገመናህን አወጣለሁ» ለሚል ዛቻ ይሉታል። በእንግሊዝና ዌልስ ግን የወንጀሉ ስም ራሱ ይኸው ነው፤ ዱላም ይሁን ገመና ማስፈራሪያው ለውጥ አያመጣም።

ጥያቄ፦ በቻይንኛ «ቺያዎጃ» ልበል «ለስዎ»?

መልስ፦ ጉዳዩ የፍርድ ቤት ከሆነ ሁለቱንም፤ የቻይና የወንጀል ሕግ አንቀጽ 274 «ቺያዎጃ ለስዎ» ብሎ አጣምሯቸዋል። ለየብቻ ግን ይለያያሉ። «ቺያዎ» መምታት፣ «ጃ» ማታለል ስለሆነ፣ ሰበብ ፈጥሮ አስጨንቆ መብላትን ያሳያል። «ለስዎ» ልጓምና ገመድ ካላቸው ፊደላት የመጣ ነው፤ ጠንከር ይላል። ሰው አግቶ ቤዛ ለሚጠይቅ፣ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ ለሚጠይቅ የኮምፒውተር ቫይረስም የሚባለው እሱ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ተርጓሚ የሚስተው «ፐንግጽ» የሚሉት አለ፦ ሆን ብሎ መኪና ላይ ወድቆ ካሳ መጠየቅ። ሾፌሩ እውነት መስሎት ከከፈለ ማጭበርበር ነው፤ ተንኮሉን እያወቀ ፈርቶ ከከፈለ ቺያዎጃ ለስዎ።

ጥያቄ፦ ቢላ አውጥቶ ቦርሳ የወሰደስ?

መልስ፦ ዘረፋ፣ አንቀጽ 263። እዚያው ዝቶ እዚያው ወስዷላ። «እስከ ነገ ካላመጣህ» ቢል ኖሮ ወደ 274 ይሄድ ነበር።

ጥያቄ፦ ከስንት ዩዋን ጀምሮ ያስከስሳል?

መልስ፦ እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው የሕግ ትርጓሜ መነሻው ከ2,000 እስከ 5,000 ዩዋን ነው፤ በዚህ መሃል እያንዳንዱ ክፍለ ሀገር የራሱን ይወስናል። በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ያደረገው ግን ገንዘቡ ባይሞላም ይከሰሳል።

ጥያቄ፦ ባለታክሲ አሥር እጥፍ ቢያስከፍለኝስ?

መልስ፦ ዛቻ ከሌለበት ዋጋ መቆለል ብቻ ነው። እንግሊዝኛው «ኤክስቶርሽኔት» ይለዋል፣ ቻይንኛው «ቺያዎ ጁጋንግ»፣ ማለትም የቀርከሃ ዘንግ መምታት።