ለምትቸኩሉ ልጆች፦ ስለ ኬንታ ኮባሺ

ልጆች፣ የስፖርተኛ ጉልበትና ትከሻ ሳሽ ያረጀሁ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ። ልምምድ በጀመራችሁ ማግስት "መቼ ነው የምሰለፈው?" ስትሉ ኬንታ ኮባሺ ትዝ ይለኛል።

ኮባሺ በ1967 ኪዮቶ ግዛት የተወለደ ጃፓናዊ ሬስለር ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። የኪዮሴራ ፋብሪካ ሥራውን ትቶ በ1987 ኦል ጃፓን የተባለው የሬስሊንግ ድርጅት ገባ። መጀመሪያ የአለቃው የጃያንት ባባ ረዳት፣ ቦርሳ ተሸካሚ ነበር። ሪንግ ላይ ሲወጣ ደግሞ የመጀመሪያዎቹን 63 የነጠላ ግጥሚያዎች በሙሉ ተሸነፈ።

"ሬስሊንግ እኮ ድራማ ነው" እንደምትሉኝ አውቃለሁ። አዎ፣ አሸናፊው አስቀድሞ ይወሰናል። ይኼ እኮ ነገሩን ያከብደዋል። "ዛሬም ተሸናፊው አንተ ነህ" እየተባለ ሳይሰላች መታገል ቀላል መሰላችሁ? አወዳደቁ ደግሞ ድራማ የለውም። አገጭህን ደረትህ ላይ ትለጥፋለህ፣ ትንፋሽህን ታወጣለህ፣ ጀርባህ ሲያርፍ በሁለት እጅህ ወለሉን ትመታለህ። ጭንቅላትህ ከቀደመ አለቀልህ። ትልቁ ተቀናቃኙ ሚትሱሃሩ ሚሳዋ በ2009 ሂሮሺማ ላይ ወደ ኋላ ተወርውሮ ወደቀ፤ በዚያው ሕይወቱ አለፈ።

ጉልበቱን ያስተናገደበትን መንገድ ግን አትቅዱ። የሪንጉ ጥግ ላይ ወጥቶ ወደ ኋላ እየተገለበጠ ተጋጣሚው ላይ ይወድቅ ነበር፤ ሙንሶልት ይሉታል። ደረቱ ሰው ላይ ሲያርፍ ጉልበቶቹ ወለል ላይ ይፈጠፈጣሉ። ለዓመታት እንዲህ ሆነ። በ2001 በጉልበት ቀዶ ጥገና ዓመቱን ሙሉ ከሪንግ ራቀ። በ2002 በተመለሰበት ግጥሚያ ጉልበቱ እንደገና ተጎዳ።

ማስታገሻ ውጣችሁ ሜዳ ለምትገቡት ነው ይህን የምለው። ሕመሙ ጠፋ ማለት ዳናችሁ ማለት አይደለም። መጀመሪያ በአንድ እግር ቁጢጥ ብላችሁ ተነሱ። በአንድ እግር ዝለሉ። የተጎዳው እንደ ጤነኛው ካልሠራ፣ አሠልጣኙ ቢለምናችሁም ተቀመጡ።

ኮባሺ ከዚያ ሁሉ በኋላ በማርች 2003 ሚሳዋን ረትቶ ኖዋ የተባለውን የሬስሊንግ ድርጅት የሻምፒዮንነት ቀበቶ ወሰደ፤ ሁለት ዓመት ማንም አልነጠቀውም። በ2006 የኩላሊት ካንሰር ተገኝቶበት ቀዶ ጥገና ተደረገለት። ይህን ጊዜ አልቸኮለም። ዓመት ከመንፈቅ ጠብቆ በዲሴምበር 2007 ቶኪዮ ቡዶካን አዳራሽ ተመለሰ። ተሸነፈ፤ ሕዝቡ ግን ስሙን እየጠራ ነው ያመሸው።

በሜይ 2013 እዚያው ቡዶካን ተሰናበተ። በ46 ዓመቱ፣ በዚያ ባለቀ ጉልበት የመጨረሻ ግጥሚያውን በምን ቢጨርስ ጥሩ ነው? በሙንሶልት! ሐኪሙ እኔ ብሆን ኖሮ ጥጉ ላይ እንዳይወጣ እግሩን ይዤ እለምነው ነበር። የሚሰማኝ ግን አይመስለኝም።