የሠልጣኝ ቅሬታ ሲመጣ ምን ይደረግ? ጥያቄና መልስ

ይህ ጥያቄና መልስ ለጤና ባለሙያዎች የሚሰጠውን ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ (ሲፒዲ) ሥልጠና ለምታስተባብሩ ነው። ሲፒዲ ከሙያ ፈቃድ እድሳት ጋር ከተያያዘ ወዲህ የሠልጣኙ ቅሬታ ከብዷል። ድሮ "ሻይ ቡናው ዘገየ" ይባል ነበር። አሁን "ፈቃዴን ማደስ አልቻልኩም" የሚል ሰው ነው ቢሮ የሚመጣው። ሥራውን ለዓመታት ስለሠራሁት የጠየቃችሁኝን በማውቀው ልክ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ አንዲት ነርስ የሦስት ቀን ሥልጠናችንን የመጀመሪያ ቀን አልተገኘችም። ከክፍለ ሀገር ስትመጣ መኪና ተበላሽቶባት ነው። ፈቃዷ ሊያልቅ ቀናት ናቸው የቀሩት። "ሙሉ ሰርተፊኬት ስጡኝ" ብላ አለቀሰች። አንጀቴን በላችው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ማዘንሽ ተገቢ ነው። ሙሉ ሰርተፊኬቱን ግን አትስጫት። ሰርተፊኬቱ ላይ የሚሰፍረው የሲኢዩ (የተከታታይ ትምህርት መለኪያ) ነጥብ "ይህ ሰው ይህን ያህል ተምሯል" ብለሽ ለፈቃድ ሰጪው የምትሰጪው ምስክርነት ነው። ያልተማረችውን ተምራለች ካልሽ የሐሰት ምስክር ሆንሽ ማለት ነው። የአቴንዳንስ ወረቀቱ ደግሞ ፋይል ውስጥ ቁጭ ብሏል። ለኮርሱ እውቅና የሰጣችሁ አካል ሁለቱን ያስተያየ ቀን ችግሩ ለእሷም ይተርፋል። ሦስቱንም ቀን ቁጭ ብለው የተማሩትንም አስቢ።

ዝም ብለሽ ግን አትሸኛት። እዚያው ፊቷ ስልክ አንሺና ይህንኑ ኮርስ በቅርብ የሚሰጥ ዙር ፈልጊላት። ያመለጣትን ቀን ያለ ተጨማሪ ክፍያ ትማር። የተገኘችባቸውን ቀናት የሚገልጽ ደብዳቤም በማኅተም ስጫት። ለተከታተለችው ያህል ብቻ ነጥብ መስጠት ይቻል እንደሆነ እውቅና ሰጪያችሁን ጠይቂ። የእነሱን መልስ ሳትይዢ ግን ቃል አትግቢላት።

ጥያቄ፦ ሰርተፊኬት ላይ ስም ተሳስቷል የሚለው አቤቱታ አያልቅም። መላ አለው?

መልስ፦ አለው። ፀሐይ የሚለው ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ መጨረሻው አንዴ በዋይ ነው፣ አንዴ በአይ። ፈቃዷ ላይ በዋይ ሆኖ ሰርተፊኬቷ ላይ በአይ ከመጣ መንገላታቱ የእሷ ነው። ስለዚህ ስም በስልክ ወይም በቃል አትቀበሉ። ሲመዘገቡ ከፈቃዳቸው ላይ እያዩ ራሳቸው ይጻፉት። በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ዝርዝሩን አትማችሁ አዙሩ፤ እያንዳንዱ ሰው ስሙን አይቶ አጠገቡ ይፈርም። ያም ሆኖ ከተሳሳተ በነፃ አትማችሁ፣ የድሮውን ተቀብላችሁ ሰርዙ። "ዳይሬክተሩ መስክ ወጥቷል፣ የሚፈርም የለም" ብሎ ሰውን ማመላለስ በጣም ያሳዝነኛል። ሁለተኛ ፈራሚ አስቀድማችሁ ወክሉ።

ጥያቄ፦ አሠልጣኛችን አንቱ የተባሉ ሐኪም ናቸው። ሠልጣኞች ግን "ስላይድ ያነባሉ፣ ጥያቄ የጠየቀውን ያሸማቅቃሉ" ብለው በጆሮዬ ነገሩኝ። የአስተያየት ቅጹ ላይ ደግሞ ሁሉም "በጣም ጥሩ" ነው የሞሉት። የቱን ልመን?

መልስ፦ በጆሮህ የሰማኸውን። ወንድሜ፣ ቅጹን የምታድሉት መቼ ነው? ብዙ ቦታ ቅጹ የሚታደለው በመጨረሻው ሰዓት ነው፤ ሰው ሰርተፊኬት ለመቀበል ተሰልፎ፣ አሠልጣኙ ፊት ለፊት ቆመው። እዚያ ማን እውነቱን ይጽፋል? ስም ሳይጻፍበት፣ ክፍለ ጊዜው እንዳለቀ፣ አሠልጣኙ ከክፍል ወጥተው ይሞላ። "ምን ቢቀየር ይሻላል?" የሚል ባዶ መስመርም ይኑረው።

ሐኪሙን በተመለከተ አንድ ክፍለ ጊዜ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠህ ራስህ እይ። ከዚያ ብቻቸውን አነጋግራቸው። "ቅሬታ መጥቶብዎታል" ብለህ አትጀምር። ያየኸውን ንገራቸው፦ "ከሰዓት በኋላ አንዲት ጤና መኮንን ስለ መድኃኒቱ መጠን ስትጠይቅ ይህን ብለዋት ነበር፤ ከዚያ በኋላ እጅ ያወጣ የለም።" ማን እንደነገረህ ቢጠይቁህ በፍጹም አትናገር። የጤናው ዓለም ጠባብ ነው። ያቺ ልጅ ነገ እሳቸው ሥር ልትመደብ ትችላለች። ሁለተኛ ዙርም እንዲሁ ከሆኑ አሠልጣኝ ቀይር፤ የስማቸው ትልቅነት ክፍሉን አያስተምርም።

ጥያቄ፦ አበል ዘገየ ብለው እኔ ላይ ይጮኻሉ። እኔ ፋይናንስ አይደለሁም።

መልስ፦ አይደለህም፤ እነሱ የሚያውቁት ግን አንተን ነው። የጥሪ ደብዳቤው ላይ ማን እንደሚከፍል፣ ስንት እንደሆነና መቼ እንደሚገባ ጻፍ። ከዘገየ ሳይጠይቁህ ቀድመህ ንገራቸው። ከኪሱ አልጋ የያዘ ሰው ቁጣው እውነት ነው።

ጥያቄ፦ ከፍሎ ሥልጠናው ላይ ያልተገኘ ሰው ገንዘቤን መልሱ ቢልስ?

መልስ፦ ደንቡን ሳይከፍል በፊት አሳዩት። በአሜሪካ የሒሳብ ባለሙያዎችን ሥልጠና አቅራቢዎች የሚመዘግበው ናስባ የገንዘብ ተመላሽና የቅሬታ አፈታት ደንብ ማስታወቂያው ላይ እንዲሰፍር ያስገድዳል። እኛም ምዝገባ ቅጹ ላይ ሁለት መስመር መጨመር አያቅተንም።

ጥያቄ፦ ስፖንሰሩ የመድኃኒት ኩባንያ ነበር። አንድ ፋርማሲስት "ሥልጠናው የአንድ መድኃኒት ማስታወቂያ ነው" ብሎ በጽሑፍ አመለከተ። አለቃዬ "እዚሁ ጨርሱት" ይላሉ።

መልስ፦ ይኼ እዚያው አያልቅም። የአቀባበል ወይም የአዳራሽ ጉዳይ ቢሆን እሺ። ይህ ግን ነገ ታካሚ ምን መድኃኒት ይታዘዝለታል የሚለውን ይነካል። ስላይዶቹን እንዳሉ አስቀምጪ፣ ማንም እንዳይነካካቸው። ኩባንያውም ሆነ አሠልጣኙ ያልገቡበት ባለሙያ ይመርምራቸው። የንግድ ስሙ ብቻ ተደጋግሟል? አማራጭ መድኃኒቶች ተነስተዋል? ጉዳቱስ ተነግሯል? ውጤቱን ለእውቅና ሰጪው በደብዳቤ አሳውቂ። ይዘቱ ያጋደለ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ማስተካከያው ለሁሉም ሠልጣኝ ይላክ። ያመለከተው አንድ ሰው ቢሆንም የተማሩት ሁሉም ናቸው። ለፋርማሲስቱም ምን እንደተደረገ በጽሑፍ መልሺለት። አለቃሽ ከከለከሉሽ አቋምሽን በማስታወሻ ጽፈሽ ፋይል አድርጊ፣ ቀኑንም አስፍሪበት።