ጓንት ያላጠለቀ እጅ

ውድ ልጆቼ፣

ዛሬ ኦሲሎስኮፕ (ከፍ ዝቅ የሚል ኤሌክትሪክን፣ ማለትም ሲግናልን፣ ስሎ የሚያሳይ መሣሪያ) ስታበሩ የምታዩት ስስ ስክሪን ነው። በእኔ ጊዜ ከስክሪኑ ኋላ አየሩ የተመጠጠ ረጅም የመስታወት ቱቦ ነበረ። አሜሪካ ሄጄ ዕድሜዬን የፈጀሁት እሱን በመንደፍ ነው። ሙያው አሁን የለም ማለት ይቻላል። የማጫውታችሁ ግን አለኝ።

ነገሩ ሲያዩት ቀላል ነው። ከካቶዱ፣ ሲግል ኤሌክትሮን ከሚያወጣው የቱቦው ክፍል፣ የወጡ ኤሌክትሮኖች በሁለት ፕሌቶች መሃል ያልፋሉ። ፕሌቶቹ ላይ ያለው ሲግናል ወደ ላይና ወደ ታች ይጎትታቸዋል። ስክሪኑ ላይ ሲያርፉ ብርሃን ይስላሉ። ጣጣው የሚመጣው ሲግናሉ ሲፈጥን ነው። በ1000 ቮልት የተገፋ ኤሌክትሮን በሰከንድ 18,700 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበራል። ፈጣን ነው አይደል? 4 ሴንቲ ሜትር ፕሌት ለማለፍ ግን ከ2 ናኖሰከንድ (ከሰከንድ ሁለት ቢሊዮንኛ) በላይ ይፈጅበታል። ሲግናሉ 500 ሜጋኸርዝ አካባቢ ከሆነ፣ ማለትም በሰከንድ 500 ሚሊዮን ጊዜ ከተወዛወዘ፣ ኤሌክትሮኑ ገና ሳይወጣ ወደ ላይ የሳበው ያህል ወደ ታች ይስበዋል። ስክሪኑ ላይ የሚታይ ነገር የለም ማለት ነው።

ቮልቱን ብትጨምሩ ኤሌክትሮኑ ይፈጥናል፤ ግን ግትር ይሆናል፣ ትንሽ ሲግናል ንቅንቅ አያደርገውም። መላው ፕሌቱን ቆራርጦ ሲግናሉን በጥምዝምዝ መንገድ ማዘግየት ነበር። ያኔ ሲግናሉና ኤሌክትሮኑ እኩል ይራመዳሉ፤ ትንንሹ ግፊት በየቁራጩ ይጠራቀማል። ቴክትሮኒክስ 7104 የተባለው ኦሲሎስኮፕ ላይ ደግሞ ከስክሪኑ በፊት ኤሌክትሮን የሚያባዛ፣ በጥቃቅን ቀዳዳ የተሞላ ሳህን ገባ። 1 ጊጋኸርዝ፣ በሰከንድ ቢሊዮን ጊዜ የሚወዛወዝ ሲግናል፣ በዓይን ታየ! እስካሁን ሳስበው ይገርመኛል።

ታዲያ በስሌት ብቻ እንዳይመስላችሁ። አንድ ሰሞን የነደፍኩት ቱቦ በጥቂት ቀን እየደበዘዘ አስቸገረኝ። ስሌቱን ደጋገምኩ። የካቶዱን አቅራቢ ወቀስኩ። ሦስት ሳምንት እንዲሁ አለቀ። በመጨረሻ ቱቦውን ሰብረን፣ ቱቦ ስትገጣጥም የኖረች አንዲት እናት ጋ ወሰድኩት። ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ አለችና፣ «ማነው በባዶ እጁ የነካው?» አለችኝ።

አየሁት። ብረቱ ላይ በሙቀት የጠቆረ የጣት አሻራ። የራሴ አውራ ጣት ነው። ለእንግዳ ላሳይ ብዬ ጓንት ሳላጠልቅ አንስቼው ነበር። ቱቦው ሲግል የእጄ ቅባትና ጨው እየተነነ ካቶዱን መርዞታል።

ልጆቼ፣ የምትነድፉትን ዕቃ የሚገጥመውን ሰው ቀድማችሁ ጠይቁ። እኔ ከዚያ በኋላ አዲስ ንድፍ በያዝኩ ቁጥር መጀመሪያ የምሄደው ወደ እሷ ጠረጴዛ ነበር። ገና ከሩቅ ስታየኝ ጓንት ታቀብለኛለች።