«ካርድ የተሰጠበትን ቀን የሰማሁት ከጎረቤት ነው»

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም ከወሎ የደረሱንን ሦስት ደብዳቤዎች አንድ ላይ አቅርበናል፤ ሦስቱም የሚያነሡት የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ወሬ ወደ ተማሪው ቤት እንዴት ይግባ የሚለውን ጉዳይ ነውና። የዓምዱ አዘጋጅ በዚያው በወሎ ለዓመታት ያስተማረ በመሆኑ መልሱን የሰጠው እርሱ ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በሐይቅ ከተማ አቅራቢያ የምኖር የሦስት ልጆች እናት ስሆን መካከለኛዋ ልጄ አራተኛ ክፍል ናት። ትምህርት ቤቷ ካለፈው ዓመት ወዲህ ማስታወቂያ የሚያስተላልፈው በቴሌግራም ብቻ ሆኗል። የእኔ ስልክ ከመደወልና አጭር መልእክት ከመቀበል በቀር ሌላ የማይሠራ ተራ ስልክ ነው፤ ባለቤቴ ቴሌግራም ያለው ስልክ ቢይዝም በሥራው ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ ከቤት ርቆ ይቆያል። የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ካርድ የተሰጠበትን ቀን የሰማሁት ከጎረቤት ሲሆን፣ በማግስቱ ስሄድ መምህሩ «ልከንላችሁ ነበር እኮ» አሉኝ። ልጄ የጓደኞቿ እናቶች ሲመጡ የእኔን መቅረት አይታ አልቅሳለች። ጥፋቱ የእኔ ነው? ምንስ ላድርግ?
እናት፣ ከሐይቅ

መልስ፦ የተከበሩ እናት፣ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም። መምህሩም አልዋሹም፤ መልእክቱን በእርግጥ ልከዋል። ችግሩ የተላከው ሁሉ እንደ ደረሰ መቆጠሩ ላይ ነው። በብዙ ቤት ቴሌግራም ያለው ስልክ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም በአባት ወይም በታላቅ ወንድም ኪስ ውስጥ ይውላል፤ ጥቅሉ ያለቀ ዕለት ደግሞ መልእክቱ ሳይከፈት ይሰነብታል። በክልላችን ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ መቆየቱን ያየ ሰው፣ አንድ ትምህርት ቤት ማስታወቂያውን ሁሉ በአንድ መንገድ ላይ ብቻ መጫን እንደሌለበት ለማወቅ ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም። ይህን ስል ቴሌግራምን መንቀፌ አይደለም፤ ወረቀት ያድናል፣ የተላለፈውንም መልሶ ለማንበብ ይመቻል። ብቻውን አይበቃም ነው የምለው።

እርስዎ አሁን ማድረግ የሚችሉት የሚከተለውን ነው። ግርግር በሌለበት ቀን፣ ልጆቹ ሲለቀቁ፣ ወደ ልጅዎ የክፍል ኃላፊ መምህር ይሂዱና በስም መዝገቡ ላይ ከልጅዎ ስም ጎን የእርስዎ ስልክ ቁጥር እንዲጻፍ፣ አጠገቡም የቅርብ ጎረቤትዎ ቁጥር በእርሷ ፈቃድ እንዲታከል ይጠይቁ። ከዚያ ሳይወጡ፣ እዚያው እንደ ቆሙ፣ መምህሩ በአማርኛ አንድ አጭር መልእክት እንዲልኩልዎ ያድርጉ። ይህ ለይስሙላ አይደለም፤ አንዳንድ ተራ ስልኮች የእኛን ፊደል ስለማያውቁት መልእክቱ የሚታየው ባዶ ሳጥኖች ተደርድረው ነው። የእርስዎም እንዲያ ከሆነ መምህሩ መደወል ወይም በወረቀት መጻፍ እንዳለባቸው በዚያው ይታወቃል።

ሁለተኛው መንገድ ልጅዎ ራሷ ናት። አራተኛ ክፍል የደረሰች ልጅ መልእክት ታደርሳለች፤ አጠያየቁ ግን ወሳኝነት አለው። «ዛሬ ምን ተማርሽ?» ሲባሉ አብዛኞቹ ልጆች «ምንም» ብለው ያልፋሉ። ይልቁንም ማታ ቡናው ሲፈላ «ዛሬ ጠዋት ሰልፍ ላይ ምን ተባለ?» ብለው ይጠይቋት፤ የስብሰባው፣ የክትባቱ፣ የፈተናውና የመዋጮው ወሬ መጀመሪያ የሚነገረው ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ነውና። ለመምህሩም ካርዱ ሊሰጥ ሲል ልጆቹ ቀኑን በደብተራቸው የመጨረሻ ገጽ ላይ እንዲጽፉ ቢያደርጉ ምንም ወጪ እንደሌለው ይንገሯቸው። ስላለቀሰችው ልጅዎ የምለው አንድ ነገር ነው፤ ወደ መምህሩ ሲሄዱ ይዘዋት ይሂዱ፤ ቁጥርዎ ሲመዘገብ በዓይኗ ትየው።

ጥያቄ፦ አሰላሙ አለይኩም። ከሌላ አካባቢ ተመድቤ በባቲ ዙሪያ በሚገኝ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት ማስተማር ከጀመርኩ አንድ ዓመት ሆኖኛል። ወላጆችን ለስብሰባ ብንጠራም የሚመጣው ከሩብ በታች ነው፤ ጥቂቶቹ ደግሞ ከሰዓት በኋላ መጥተው በሩን ተዘግቶ አግኝተውታል። በር ላይ የለጠፍነው ማስታወቂያ እንዲህ ይላል፦ «ጉዳዩ፦ የወላጆች ስብሰባን ይመለከታል። የፊታችን ሰኞ በ9፡00 ሰዓት በትምህርት ቤታችን ግቢ እንድትገኙ እያሳሰብን፣ በማይገኝ ወላጅ ላይ አስፈላጊው እርምጃ የሚወሰድ መሆኑን እንገልጻለን።» ወላጆች ለልጆቻቸው ትምህርት ግድ እንዲኖራቸው ምን ይደረግ?
መምህር፣ ከባቲ ዙሪያ

መልስ፦ ወዓለይኩም ሰላም። የተከበሩ መምህር፣ ማስታወቂያውን እንዳለ ስለላኩልን እናመሰግናለን፤ መልሱ ያለው በውስጡ ነውና።

መጀመሪያ ቀኑ። ሰኞ የባቲ ገበያ ነው። ከቆላውም ከደጋውም ሰው ከብቱንና እህሉን ይዞ የሚወርድበትን ቀን መርጣችሁ ሰው ቀረ ማለት አትችሉም። ቀጥሎ ሰዓቱ። ማስታወቂያው የተጻፈው የስልክን ሰዓት በሚያይ ሰው ይመስለኛል፤ በስልኩ 9፡00 የሚለው በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። ወላጁ ግን 9 ሰዓት ሲባል ከሰዓት በኋላ ማለት እንደሆነ ያውቃል። ከሰዓት በኋላ መጥተው በሩ የተዘጋባቸው እነዚያ ወላጆች፣ እንደ እኔ ከሆነ፣ ማስታወቂያችሁን ከሁሉ ይልቅ አክብረው ያነበቡት ናቸው፤ ይቅርታ ልትጠይቋቸው ይገባል።

ይህን የምለው ከላይ ሆኜ አይደለም። እኔም በማስተምርበት ጊዜ በአንድ ትምህርት ቤት ስብሰባውን በውቂያ ሰሞን ጠርተን ከመምህራኑ ቁጥር ያነሱ ወላጆች መጡ። «ወላጁ ግድ የለውም» ብለን በቃለ ጉባኤ አሰፈርን። ጸሐፊው እኔ ስለነበርኩ ዛሬም ሳስበው ያሳፍረኛል። በልግ በሚዘራበት ደጋ ደግሞ የካቲትና መጋቢትም እንደዚያው የሥራ ወራት ናቸው። ስለዚህ የስብሰባውን ቀን ከመምህራን ክፍል ከመወሰናችሁ በፊት የወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረቱን አባላት ጠይቁ። ዓርብ የጁምዓን ሰዓት አትንኩ፤ ክርስቲያን ወላጆች ባሉበትም የወሩ በዓል፣ ገበሬው ሞፈሩን የሚያስቀምጥበት ቀን ስለሆነ፣ ብዙ ጊዜ ከአዘቦት ቀን ይሻላል።

ከቀኑና ከሰዓቱ የሚከፋው ግን ቃሉ ነው። በአገራችን ትምህርት ቤት ወላጅን የሚጠራበት የታወቀ አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፤ «ወላጅ ይዘህ ና» የሚለው። እርሱ ከተሰማ ልጁ ተጣልቷል፣ መስኮት ሰብሯል ወይም ከትምህርት ቤት ጠፍቶ ውሏል። ስለዚህ ወላጁ የትምህርት ቤቱን ወረቀት የሚቀበለው እንደ መጥሪያ ነው፤ እናንተም «እርምጃ» የምትል ቃል ጨምራችሁበታል። ማንበብ የማይችል አባት ይህን በልጁ አንደበት ሲሰማ ምን እንደሚመስለው ገምቱ። ቢሮ ለቢሮ በሚጽፍበት ቋንቋ ለእናት አይጻፍም። እንዲህ ቢባልስ? «ቅዳሜ ጠዋት በ3 ሰዓት የልጆቻችሁን ውጤት አብረን እናያለን። በ5 ሰዓት እንጨርሳለን። እናት ካልተመቻት አባት፣ አባት ካልተመቸው ታላቅ እህት ትምጣ።» የሚያልቅበት ሰዓት መነገሩን ልብ በሉ፤ ሥራ ያለው ሰው የሚፈራው መምጣቱን ሳይሆን መቼ እንደሚለቀቅ አለማወቁን ነው። በተጨማሪም በእኛ ፊደል የሚጻፍ አጭር መልእክት ከ70 ምልክት ካለፈ እንደ ሁለት ስለሚቆጠር፣ «ጉዳዩ» እያሉ መጀመር በገንዘብም ያስከፍላል።

ማን ይናገረው ለሚለው፣ ወሎ ውስጥ ቅሬ እያለ ትምህርት ቤት መንገድ አጣሁ ማለት የለበትም። ቅሬው የቀብር ጥሪ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ቤት ለቤት የሚያዳርስ ድርጅት ነው፤ ኃላፊውን አክብራችሁ ብትጠይቁ የስብሰባውን ቀን በሚቀጥለው መሰባሰቢያ ላይ ያነሡላችኋል። ከጁምዓ ሶላት በኋላ ኢማሙ፣ ከቅዳሴ በኋላ ቄሱ አንድ ዓረፍተ ነገር ቢናገሩ በር ላይ ከተለጠፈ ወረቀት ይበልጣል። ወረቀቱን ዝናብ ያጥበዋል፤ ለዚያውም የሚያነቡት በአብዛኛው ልጆቹ ናቸው።

በመጨረሻ አንድ ልምምድ ልጠቁምዎ። በሳምንት ከክፍልዎ ሁለት ልጆችን ይምረጡና ስለ እያንዳንዳቸው አንድ መልካም ነገር በቁራጭ ወረቀት ጽፈው ወደ ቤት ይላኩ፤ «ልጅዎ በዚህ ሳምንት ንባብ ሳያቋርጥ አነበበ» የሚል ያህል ይበቃል። ወረቀቱ በልጁ እጅ ታጥፎ፣ በላብ ርሶ ይደርሳል፤ ማንበብ ለማይችሉት ራሱ ልጁ ያነብላቸዋል፤ ማንበቡም በዚያው ይመሰከራል። ለ6ኛ ክፍል ወላጆች ግን ከዚህ የበለጠ ትጋት ያስፈልጋል፤ በአሁኑ አደረጃጀት አንደኛ ደረጃ የሚያበቃው በ6ኛ ክፍል ሲሆን ልጆቹ ክልላዊ ፈተና ስለሚወስዱ፣ በምዝገባው ላይ የሰፈረውን የልጁንና የአባቱን ስም አጻጻፍ ወላጅ በዓይኑ ሳያይ ቅጹ ባይላክ ይመረጣል።

ጥያቄ፦ የልጄ ትምህርት ቤት የተማሪዎቹን ደረጃ ከነስማቸውና ከነፎቶግራፋቸው በቴሌግራም ግሩፕ ላይ ይለጥፋል። ልጄ መጨረሻ አካባቢ በመሆኗ ጎረቤት ሁሉ ያወራባታል። እንዲቆም መጠየቅ እችላለሁ?
አባት፣ ከደሴ

መልስ፦ ይችላሉ፤ ይጠይቁም። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናትን የሚመለከት እርምጃ ሲወሰድ የሕፃኑ ደኅንነት በቀደምትነት እንዲታሰብ ያዝዛል፤ የግል መረጃ አያያዝን የሚመለከት አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል። ሆኖም በሕግ ቁጥር ከመጀመር ይልቅ ርዕሰ መምህሩን በአካል አግኝተው የሁሉም የሆነው ማስታወቂያ በግሩፑ፣ የአንዷ ልጅ ውጤት ግን ለእርሷ ወላጅ ብቻ እንዲደርስ ይጠይቋቸው። ካልተስማሙ ጉዳዩን ለወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረቱ በጽሑፍ ያቅርቡ፤ የማመልከቻዎን አንድ ቅጂም ፈርመውና ቀን ጽፈውበት እርስዎ ዘንድ ያስቀሩ። እስከዚያው ስሟና ፎቶዋ ያለበት ልጥፍ እንዲነሣ የግሩፑን አስተዳዳሪ በግል መልእክት ቢጠይቁት የደቂቃ ሥራ ነው።