ከልምምድ በኋላ ሰባት ደቂቃ፦ ስለ ልጆች ቡድንና ስለ ቃለ እግዚአብሔር ጥያቄና መልስ

በደብረ ማርቆስ ከሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ኳስ እንጫወታለን። የጎላችን ቋሚ ባሕር ዛፍ ነው። ልምምዱ ሲያበቃ ጥላ ሥር ተቀምጠን ቃለ እግዚአብሔር እንካፈላለን። ይህን የሰሙ ወላጆችና አገልጋዮች ከልዩ ልዩ የጎጃም ከተሞች ጥያቄ ልከውልኛል፤ እነሆ መልሱ።

ጥያቄ (ከፍኖተ ሰላም፣ የሰንበት ትምህርት ቤት አገልጋይ)፦ ቃሉን መቼ፣ ለስንት ደቂቃ እንንገራቸው? ልጆቹ አላዳምጥ ብለውኛል።

መልስ፦ ከልምምድ በፊት ከሆነ ዓይናቸው ኳሷ ላይ ነው፤ አይፍረዱባቸው። ሮጠው፣ ውኃ ጠጥተው፣ ላባቸው ሲደርቅ ይጀምሩ። ሰባት ደቂቃ ይበቃል። እኛ የቅኔ አገር ሰዎች ነን፤ ጉባኤ ቃና በሁለት ቤት ስንት ምሥጢር እንደሚሸከም እናውቃለን። አንድ ጥቅስ ይምረጡ፤ በዕለቱ ሜዳ ላይ ከሆነው ነገር ጋር ያገናኙት፤ ከዚያ ልጆቹ ይናገሩ።

እኔ በ1ኛ ቆሮንቶስ 9፥24–25 ነው የጀመርሁት። ቅዱስ ጳውሎስ ስለ ሩጫ ለቆሮንቶስ ሰዎች የጻፈው የሚያውቁትን ይዞ ነው፤ በከተማቸው አጠገብ በየሁለት ዓመቱ ታላቅ የስፖርት ውድድር ይካሄድ ነበር፤ አሸናፊውም የሚቀዳጀው ከቅጠል የተጎነጎነ አክሊል ነበር። ከሜዳው ዳር የብሳና ቅርንጫፍ ቆርጬ አክሊል ጎነጎንሁና የዕለቱ ጎል አግቢ ራስ ላይ ደፋሁለት። እንዴት ደስ አለው! በሳምንቱ ያንኑ አክሊል ይዤ መጣሁ። ቅጠሉ ተኮማትሮ ሲነኩት ይረግፋል። ልጆቹ እየተቀባበሉ ዳሰሱት፤ «የሚጠፋ አክሊል» የሚለውን ከዚያ ወዲያ ማብራራት አላስፈለገኝም።

ጥያቄ (ከደጀን አካባቢ፣ ካህን)፦ ልጄ፣ ይህ ኳስ ልጆቹን ከቤተ ክርስቲያን እያራቀ አይደለም ወይ? እሑድ ጠዋት ቅዳሴ ትተው ሜዳ የሚውሉትን እያየሁ አዝናለሁ።

መልስ፦ ይፍቱኝ አባታችን። ስለ እሑድ ጠዋት ሐዘንዎ ሐዘኔ ነው። እኛ ከቅዳሴ በፊት ኳስ አንነካም። ግጥሚያ እሑድ ጠዋት ሲወጣልን እንዲቀየር እንለምናለን፤ ካልተቀየረ ፎርፌ እንሰጣለን። አንድ ጊዜ በዚህ ሦስት ነጥብ አጥተን ልጆቹ አልቅሰዋል። ያን ቀን ስለ ስኮትላንዳዊው ሯጭ ስለ ኤሪክ ሊድል ነገርኋቸው። በ1924 እ.ኤ.አ. በፓሪስ ኦሊምፒክ የ100 ሜትር ማጣሪያ እሑድ ስለዋለ አልሮጥም አለ፤ በ400 ሜትር ሮጦ ወርቅ አገኘ። ወርቁን ባያገኝስ ኖሮ ትክክል አልነበረም ወይ ብዬ ስጠይቃቸው ብዙ ተከራከሩ። ክርክሩ ደስ አሰኝቶኛል።

ጨዋታ ግን ለቤተ ክርስቲያን ልጆች ባዕድ አይደለም፤ ይህን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። እረኞች የጌታን ልደት ሲሰሙ በበትራቸው ተጫወቱ የሚለው ትውፊት ይዘን አይደለም ወይ ገና የምንጫወተው? በእንጅባራ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ጥር 23 በቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለት ፈረሳቸውን አስጊጠው ሲጋልቡ አገር ይወጣል። ነቢዩ ዘካርያስም በምዕራፍ 8 እግዚአብሔር የሚጎበኛትን ኢየሩሳሌም ሲስል አደባባዮቿ በሚጫወቱ ልጆች ይሞላሉ ይላል። ቢችሉ አንድ ቅዳሜ መስቀልዎን ይዘው ወደ ሜዳው ብቅ ይበሉ። ልጆቹ ሮጠው መጥተው ሲሳለሙ ያዩታል።

ጥያቄ (ከቡሬ፣ የስፖርት መምህር)፦ የመንግሥት ትምህርት ቤት ቡድን አሠለጥናለሁ። በዚያ ላድርገው?

መልስ፦ አያድርጉት። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ እንዲካሄድ ያዛል። ቡድኑን በሰንበት ትምህርት ቤት በኩል፣ ከትምህርት ቤቱ ውጭ ያቋቁሙ። በትምህርት ቤቱ ሜዳ ክርስትናዎ በፍርድዎ ይታይ፤ የባለሥልጣን ልጅና የድሃ ልጅ እኩል ይሰለፍ።

ጥያቄ (ከሞጣ፣ እናት)፦ በሰፈራችን ቡድን የሙስሊም ልጆች አሉ። ጎረቤቶቻችን ናቸው፤ እንዳይከፋቸው እፈራለሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ ፍርሃትዎ ተገቢ ነው። አስቀድማችሁ ወደ ወላጆቻቸው ሂዱ፤ ምን እንደምታስተምሩ ሳትደብቁ ንገሯቸው። ልጅን በሃይማኖቱ የማሳደግ መብት የወላጅ ነው፤ ይህም በዚያው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 27 ሰፍሯል። ከዚያ ልምምዱን በግልጽ ዝጉ፦ ፊሽካ ይነፋ፣ ሁሉም ይጨባበጥ፣ ውኃውና ቆሎው ለሁሉም ይታደል። ቃሉ ከዚህ በኋላ ይጀመር፤ መሄድ የሚፈልግ ከጓደኞቹ መካከል ተነጥሎ እንደ ተባረረ ሳይሆን ጨዋታው አልቆ ወደ ቤቱ እንደሚሄድ ልጅ ይሂድ። በረመዳን ልምምዱን ማቅለልም አይርሱ። ልጅን በኳስ አጥምዶ ለስብከት ማስቀመጥ ማታለል ነው፤ ወንጌልን እንዲህ ሲያደርጉባት ያንገበግበኛል።

ጥያቄ (ከቢቸና)፦ ጥቅስ በቃሉ ለያዘ ልጅ ሽልማት ብንሰጥ፣ ወይም ቅድሚያ ብናሰልፈውስ?

መልስ፦ ሽልማቱ ይቅርባችሁ፤ አሰላለፉን ግን እለምናችኋለሁ፣ አትንኩት። እኔ አድርጌዋለሁ። ጥቅሱን ያልያዘ መጀመሪያ አይሰለፍም የሚል ደንብ አውጥቼ ነበር። አንድ የ11 ዓመት ልጅ ነበረ፤ በክንፍ በኩል ሲበር የሚይዘው አልነበረም፤ ማንበብ ግን ገና አልቻለም። ሦስት ቅዳሜ ከሜዳው ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የማልያውን ቁጥር ክር አንድ በአንድ ሲመዝ አየሁት። በአራተኛው አልመጣም። ቤቱ ስሄድ እናቱ ቡና አፍልተው ተቀበሉኝና ልጁ «እግዚአብሔር ማንበብ የሚችሉትን ነው የሚወደው» እንዳላቸው ነገሩኝ። ሲኒውን ይዤ ቀረሁ።

ደንቡን በዚያው ዕለት ሻርሁት፤ ልጁንም ይቅርታ ጠየቅሁት። አሁን ጥቅስ የምንማረው እንደ አብነት ተማሪ በቃል ነው፦ እኔ እላለሁ፣ እነርሱ ይቀበላሉ፣ ሦስት ጊዜ። ያ ልጅ ዛሬ ከሁሉም ቀድሞ ይይዛል።

ጥያቄ (ከአማኑኤል ከተማ)፦ በዐቢይ ጾም ረቡዕ ረቡዕ ልምምድ አለን። ልጆቹ ይደክማሉ።

መልስ፦ ልጁ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚጾም የሚወስኑት ወላጆቹና የንስሐ አባቱ ናቸው፤ አሠልጣኝ በዚህ አይገባም። ቅዳሜ ከጥሉላት እንጂ ከእህል ውኃ ስለማይጾም ልምምዱን ወደዚያ ማዛወር ይቀላል። ካልተቻለ ሩጫውን ቀንሱ፣ በቅብብል ላይ አተኩሩ፣ ያዞረውን ልጅ ወዲያው አስቀምጡ። ማን ጾመ፣ ማን አልጾመ ብላችሁ በጓደኞቹ ፊት አትጠይቁ፤ ጌታ በማቴዎስ 6 ጾም በስውር ይሁን ብሏል።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ ልጆች ለማሸነፍ መጸለይ አለባቸው?

መልስ፦ ልጅ የልቡን ለአባቱ ይናገር፤ አልከለክልም። ግን ከወዲያ ያሉትም እንደሚጸልዩ አስታውሳቸዋለሁ። እኛ ማንም እንዳይጎዳ፣ ተጋጣሚዎቻችንም በሰላም ወደ ቤታቸው እንዲገቡ እንጸልያለን። ከጨዋታ በኋላ የሚደረገው ጸሎት ይበልጥብኛል። መሠረት ደፋር በ2012 እ.ኤ.አ. በለንደን 5,000 ሜትር ካሸነፈች በኋላ የእመቤታችንን ሥዕል ከማልያዋ ሥር አውጥታ ያሳየችውን ልጆቼ ሁሉ ያውቁታል። እኛ ግን ተሸንፈንም ክብ ሠርተን እናመሰግናለን። ይህ ይከብዳል፤ ገና እየተማርነው ነው።

ጥያቄ (ከደምበጫ)፦ ሴቶች ልጆችስ?

መልስ፦ ይጫወቱ። ሴት አሠልጣኝ ወይም አንዲት እናት ሁልጊዜ ትገኝ፤ ልብሱን ከወላጆቻቸው ጋር ተስማሙበት። ለወንዶቹም ለሴቶቹም የማይሻር ደንብ አለን፦ አንድ አዋቂ ከአንድ ልጅ ጋር ሰው በማያይበት ቦታ ብቻውን አይሆንም፤ ለምክርም ቢሆን፣ ለጸሎትም ቢሆን።

ጥያቄ (ከዳንግላ፣ የ12 ዓመት ልጅ)፦ ጋሼ፣ አሠልጣኛችን ስለ ትዕግሥት ያስተምረንና በግጥሚያ ላይ ዳኛውን ይሳደባል። ምን እናድርግ?

መልስ፦ ልጄ፣ ስለ ጠየቅኸኝ እግዚአብሔር ይስጥህ። አንተ በሰው ፊት አትናገረው፤ ለአባትህ ወይም ለእናትህ ንገር፣ እነርሱ ለብቻው ያናግሩት። ስድቡ ያሳዘነህ ያስተማረህ ቃል ልብህ ውስጥ ስለ ገባ ነውና እርሱንም አትጥላው፤ ጸልይለት።

ለአሠልጣኙ ደግሞ እኔ ልናገር። ወንድሜ፣ ቅዳሜ ልጆቹን ሰብስብና ተሳስቻለሁ በላቸው። ዳኛውንም ፈልገህ፣ ልጆቹ እያዩህ፣ እጁን ጨብጠህ ይቅርታ ጠይቀው። ሰባቱ ደቂቃ በዚህ ቢያልቅ፣ የዚያን ዕለት ጥቅስ ባይነበብም ግድ የለም።